ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፦ ለኢትዮጵያ የበረሩት ጥቁር አሜሪካዊ

በአዲስ አበባ ጉለሌ መካነ መቃብር በኩል የምናልፍ ብዙዎች ነን። እዚያ ያረፉትን ባለውለታችንን ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰንን የምናስታውስ ግን ጥቂቶች ነን።

ሮቢንሰን ያደጉት በአሜሪካ ሚሲሲፒ፣ ጋልፍፖርት ከተማ ነው። የመኪና ጥገና ሙያ ከተማሩ በኋላ በቺካጎ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ለመግባት ቢያመለክቱ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት ተከለከሉ። ተስፋ አልቆረጡም፤ እዚያው በፅዳት ሠራተኝነት ገብተው ትምህርቱን ከጥግ ሆነው ተከታተሉ። በኋላም ተቀባይነት አግኝተው አብራሪ ሆኑ፤ ሌሎች ጥቁሮችንም አስተማሩ።

በ1935 እ.ኤ.አ. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በዶክተር መላኩ በያን በኩል የቀረበላቸውን ጥሪ ተቀብለው መጡ። የአየር ኃይሉ አዛዥም ሆኑ። ጠላት በመቶዎች የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖች ነበሩት፤ በእኛ በኩል የነበሩት ጥቂትና አሮጌ ነበሩ። ሮቢንሰን በእነዚሁ ወደ ጦር ግንባር መልእክትና ስንቅ አመላለሱ። ከነጻነት በኋላም በ1944 እ.ኤ.አ. ተመልሰው ወጣት ኢትዮጵያውያንን በረራ አሠለጠኑ።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለታማሚ ደም ለማድረስ በተደረገ በረራ ትንሿ አውሮፕላናቸው ተከሰከሰች። አብረዋቸው የነበሩት ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ሞቱ፤ እርሳቸውም በደረሰባቸው ቃጠሎ መጋቢት 18 ቀን አረፉ።

ኢጣሊያን ሊዋጉ የመጡት ሰው የመጨረሻውን በረራ ያደረጉት ከኢጣሊያዊ ጋር፣ የሰው ሕይወት ለማትረፍ ነበር። ለልጆቻችን ልንነግራቸው የሚገባ ታሪክ ነው።