የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ

በአዳማና በሞጆ ሜዳ ማታ ማታ ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ ይታያሉ። አንዳንዱ ልጅ ጨዋታ ሲወድ ትምህርት ይጠላል፤ አንዳንዱም መጽሐፍ ሲይዝ ሰውነቱን ይረሳል። ሁለቱን አስተባብሮ የያዘ ሰው ግን ለወገኑ እንዴት እንደሚጠቅም ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ እንማራለን።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጃቸው በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በወጣትነታቸው ጠላት አገራችንን ያዘ። በዚያ ዘመን የፋሺስት ሕግ ነጩን ከጥቁሩ ይለይ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን 23 ዓመት ተጫወቱ፤ ለኢትዮጵያም ቡድን ተሰለፉ። ነገር ግን በእግራቸው ብቻ አልሠሩም። የአገራቸው ልጆች የጨዋታውን ሕግ እንዲያውቁ ብለው ሕጉን ወደ አማርኛ መለሱት። ኋላም አሠልጣኝ ሆኑ። በጥር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፥ ያሠለጠኑት እርሳቸው ነበሩ።

ከዚህም የሚበልጥ ሥራ አላቸው። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ የእግር ኳስ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን አይጫወቱም አለች፤ ስለዚህ ከውድድሩ ተከለከለች። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበሩን ሲመሩ፥ ሰውን በቆዳው ቀለም የሚለይ አገር ወደ ሜዳው እንዳይገባ ሳይታክቱ ተከራከሩ። በዚህ ክርክር የረዳቸው የተማሩት ትምህርት ነው፤ በሸንጎ ፊት ጉልበት ብቻውን አይረታምና።

በነሐሴ 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። የድካማቸውን ፍሬ በዓይናቸው አላዩም። ነገር ግን በ1984 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን ተሰልፈው ወደ ዓለም ሜዳ ተመለሱ።

ልጆች ሆይ፥ በወንጌል እንደምናነበው አንዱ አገልጋይ መክሊቱን በመሬት ቀበረ። አቶ ይድነቃቸው ግን የእግራቸውንም የአእምሮአቸውንም መክሊት አልቀበሩም። እናንተም በሜዳ ስትሆኑ በርትታችሁ ሩጡ፤ ደወል ሲደወል ደግሞ መጽሐፋችሁን በትጋት ክፈቱ። ሁለቱንም ለራሳችሁ ክብር ብቻ ሳይሆን ለተገፋው ወንድማችሁ አውሉት።