ሞተር መጋዙ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው? የአንድሪያስ ሽቲል ታሪክ

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ባሕር ዛፍ የሌለበት መንደር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ለማገር እሱ፣ ለአጥር እሱ፣ ለማገዶ እሱ፣ ገንዘብ ሲቸግርም ተቆርጦ የሚሸጠው እሱ ነው። ድሮ ዛፉን የሚጥሉት መጥረቢያና ለሁለት የሚጎተት መጋዝ ነበሩ። አሁን አሁን ግን ያ ጆሮ የሚበሳው የሞተር መጋዝ፣ ቼይንሶው የምንለው፣ ቦታቸውን እየወሰደ ነው። አዲሱን መግዛት ለብዙ ወጣት የማይሞከር ስለሆነ አሮጌ፣ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ማሽን መፈለግ ደግሞ ያለ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማሽኑ ላይ ስሙ ስለተጻፈው ሰውዬ እናውራ፤ በመሀል አሮጌ ማሽን ስትገዙ ምን ማየት እንዳለባችሁም እንነግራችኋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ብዙ ሰው ስቲል ብሎ ያነበውና የብረት ስም ይመስለዋል። ጀርመኖቹ ሽቲል ነው የሚሉት፤ የቤተሰብ ስም ነው። አንድሪያስ ሽቲል የተወለደው ኖቬምበር 10 ቀን 1896 ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ከተማ ውስጥ ነው። አድዋ ላይ ከተዋጋን ስምንት ወር በኋላ መሆኑ ነው። የሚገርመው ባሕር ዛፍም ወደ ሀገራችን የገባው በዚያው በ1890ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛፉና ዛፉን የሚቆርጠው ማሽን ሠሪ እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ልጁ ያደገው ጀርመን ውስጥ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወታደር ሆኖ ዘመተ፤ ከዚያ ተመልሶ የሜካኒካል ምህንድስና ተማረ። በ1926 ሽቱትጋርት ከተማ ውስጥ የራሱን ትንሽ ድርጅት ከፈተ። መጀመሪያ የሠራው መጋዝ ብቻ አልነበረም፤ ለእንፋሎት ማሞቂያ የሚሆኑ ምድጃዎችንም ይሠራ ነበር፤ እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያ ነው። የእንጨት መሰንጠቂያ ቦታዎችን ሲያይ ግን አንድ ነገር ከነከነው። ግንዱ ከጫካ እየተጎተተ፣ ሰውና ከብት እየደከመ ወደ መጋዙ ይመጣል። ለምን መጋዙ ወደ ዛፉ አይሄድም? ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

በዚያው በ1926 የሠራው የመጀመሪያው መጋዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሁለት ሰው ከወዲህና ከወዲያ የሚይዘው፣ 48 ኪሎ የሚመዝን ነበር። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ለሁለት ተሸክማችሁ ዛፍ ስትቆርጡ አስቡት፤ ወደዚያ የሚጠጋ ነገር ነው። ደግሞስ ጫካ ውስጥ ማን መብራት ያመጣል? በ1929 በቤንዚን የሚሠራውን አወጣ። 6 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱ 46 ኪሎ ነው። ሁለት ኪሎ ብቻ ቀነሰ ብላችሁ አትሳቁ፤ ገመድ አልባ መሆኑ ነው ዋናው ለውጥ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እናጥራ። ሽቲል የሰንሰለት መጋዝን የፈጠረ ሰው ተብሎ ሲጻፍ ታያላችሁ። ልክ አይደለም። ዶልማር የሚባለው ሌላ የጀርመን ድርጅት በ1927 የቤንዚን መጋዝ አውጥቶ ነበር። በአጫጭር ቪዲዮዎች ላይ ደግሞ ቼይንሶው የተፈጠረው ለማዋለጃ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እሱ ግማሽ እውነት አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች፣ ጆን ኤትከንና ጄምስ ጄፍሬይ፣ ጥርስ ያለው ቀጭን ሰንሰለት ለአጥንት መቁረጫ ተጠቅመዋል፤ ምጥ ሲጠና የዳሌ አጥንት መገጣጠሚያን ለመክፈት ጭምር። ግን በእጅ የሚጎተት ቀጭን ነገር ነው፤ ዛሬ ከምናውቀው ማሽን ጋር ዝምድናው የሩቅ ነው። ሽቲል ያደረገው ሌላ ነው፦ ከባዱን ማሽን ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እየቀነሰ፣ እያቀለለ፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲይዘው ማድረግ።

ነጋዴም ነበር። ማሽኑን ራሱ ይዞ እየዞረ ጫካ ውስጥ ያሳያል፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ሰሜን አሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ደንበኛ የሚያማርረውን ይሰማል፣ ተመልሶ ያሻሽላል። በእነዚህ ዓመታት ነው ሰንሰለቱን በራሱ የሚያለሰልስ ዘይትና፣ ሞተሩ ቀስ ሲል ሰንሰለቱን የሚያቆመው ፍሪሲዮን በማሽኖቹ ላይ የመጡት።

አሁን የማይወደደውን ክፍል እናምጣ፤ ሳንነግራችሁ ብናልፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ሽቲል የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። በኋላም ኤስኤስ የሚባለውን ድርጅት ተቀላቀለ። ጣልያን እኛን ከወረረ በኋላ የሱ ሀገር መንግሥት የጣልያን ወዳጅ ሆነ። ፋብሪካው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ድብደባ ሲመታ ሥራውን ከሽቱትጋርት ወጣ ብላ ወደምትገኘው ዋይብሊንገን አካባቢ አዛወረ። ጦርነቱ ሲያልቅ አሸናፊዎቹ አስረውት ለሦስት ዓመት ገደማ ቆየ። በመጨረሻ የተሰጠው ፍርድ ዋና ወንጀለኛ የሚል አልነበረም፤ ተከታይ ተብሎ ተመደበና ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። ያ ምድብ በጊዜው ለብዙ ጀርመኖች የተሰጠ ቀላል ምድብ ነበር። ለእኛ ቀላል አይመስለንም። ጎበዝ መሐንዲስ መሆኑም፣ ያን ልብስ መልበሱም የአንድ ሰው ታሪክ ነው።

ከእስር ሲወጣ ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል። ብዙ ሰው ጡረታ የሚያስብበት ጊዜ ነው፤ እሱ ግን ትልቁን ሥራ የሠራው ከዚህ በኋላ ነው። በ1950 ቢኤል የተባለችውን አወጣ፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚይዛት፣ 16 ኪሎ። በ1954 ቢኤልኬ መጣች፣ 11 ኪሎ። በ1959 ደግሞ ኮንትራ።

ኮንትራ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የአሮጌ መጋዝ ወዳጆች ዛሬም ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጣል። 12 ኪሎ፣ 6 የፈረስ ጉልበት። አያችሁ ቁጥሩን? በ1929 ሁለት ሰው የሚሸከመው የ46 ኪሎ ማሽን የነበረው ጉልበት፣ ከ30 ዓመት በኋላ በአንድ ሰው እጅ ገባ። ከዚያ በፊት በብዙ መጋዞች ሞተሩና ሰንሰለቱ የሚገናኙት በማርሽ ነበር። ኮንትራ ማርሹን አስወጣችው፤ ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርስ በቀጥታ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ተያያዘ። ክብደት ቀነሰ፣ የሚበላሽ ነገር ቀነሰ፣ ሰንሰለቱም ፈጠነ። ሲሊንደሯ 106 ሲሲ አካባቢ ነው፤ ከትንሽ ሞተር ሳይክል ሞተር ጋር የሚስተካከል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመጣችው 070 የዚህችው ዘር ናት፤ አፍሪካ ውስጥ ብዙ የምትታየው እሷ ነች። ትልቋ እህቷ 090 ደግሞ 137 ሲሲ ናት።

እንግዲህ አንዱ ሰው አሮጌ 070 አለኝ ቢላችሁ ምን ታያላችሁ?

መጀመሪያ፣ ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳው ንገሩት። ሞተር ከሞቀ ችግሩን ይደብቃል፤ በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው የሚታወቀው። ሳይነሳ ማስነሻ ገመዱን ይዛችሁ ማሽኑን በገመዱ አንጠልጥሉት። እያቆመ፣ እያቆመ ቀስ ብሎ ከወረደ ሞተሩ ትንፋሽ አለው። ዱብ ካለ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ያለቁ ናቸው። ከዚያ ማርሚታውን አስፈትታችሁ በቀዳዳው በስልካችሁ መብራት ፒስተኑን እዩ። ለስላሳ ከሆነ ጥሩ፤ ከላይ ወደ ታች የተጫረ ከሆነ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ሳይገባ የተነዳ ነው። ይህ ሞተር እንደ መኪና ለብቻው የዘይት ቋት የለውም፤ የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው። አንድ ቀን ረስቶ ንጹሕ ቤንዚን የሞላ ሰው ሞተሩን ገድሎታል። ለእነዚህ አሮጌዎች በተለመደው ባለ ሁለት ምት ዘይት 25 እጅ ቤንዚን ላይ 1 እጅ ዘይት ነው ልኩ፤ 50 ለ1 የሚባለው ለዚሁ ተብሎ ከተሠራው ጥሩ ዘይት ጋር ነው።

ካንዴላ፣ የማስነሻ ገመድ፣ ጓርኒሲዮን፣ የካርቡራተር ላስቲክ፣ እነዚህ ቢበላሹ አያስፈሩ፤ ይቀየራሉ። በጥንቶቹ ላይ ፑንቲና አለ፤ ሞረድ ወይም ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ሲነካው የሞተ የመሰለ ማሽን ይነሳል። የሚያስፈራው የአካሉ ስንጥቅ ነው። አካሉ የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ማንም ብየዳ ቤት የሚሠራው አይደለም። ሌላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለሰንሰለቱ መጠቀም ነው፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑን ይበላዋል።

ዋጋ ላይ ስንመጣ፣ ሁለት ዓይነት ገዢ እንዳለ እወቁ። ውጭ ሀገር ያለው ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተነካ ነው፦ የመጀመሪያ ቀለሙ፣ የመጀመሪያ ክዳኑ፣ ጽሑፉ ያልጠፋ። ለሱ ሲባል ቆንጆ አድርጎ ቀለም መቀባት ዋጋ ማውረድ ነው። ሠራተኛው ግን የሚጠይቀው ይሠራል ወይ፣ መለዋወጫ ይገኛል ወይ ብሎ ነው። 070 ከዚህ አንጻር ዕድለኛ ናት፤ ዕቃዋ በየቦታው ይመረታል። ችግሩ ሙሉ ማሽኗም አስመስሎ መመረቱ ነው። እውነተኛው መለያ ቁጥሩ አካሉ ላይ ተመትቶ የተቀረጸ ነው፤ ተለጣፊ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ አዲስ ነው ተብሎም ዋጋው ከሚታመን በታች ከሆነ፣ ኪሳችሁን ዝጉ። ቁጥሩን በስልክ አንሱት፣ ከመክፈላችሁ በፊት ለሚያውቅ ሜካኒክ ላኩለት።

ለእኛ ሀገር የተለየ ነገርም አለ። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ስንደርስ ሲሶው ሊጠጋ የሚችል ጉልበት ጠፍቷል ማለት ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጭስ ያበዛል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። አሮጌዎቹ ጥሩነታቸው እዚህ ጋ ነው፤ ኤች እና ኤል የተጻፈባቸው ዊንጮች በነጻነት ስለሚዞሩ ያስተካክሏቸዋል። ግን ወደ ቆላ ይዛችሁት ስትወርዱ መመለስ አትርሱ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይቃጠላል።

ደግሞ አንድ ነገር በጣም አደራ። ኮንትራም ሆነች ጥንታዊዋ 070 የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም። ፍሬኑ በስፋት የመጣው በ1970ዎቹ ነው። የመቁረጫው ምላጭ ጫፍ ላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ ማሽኑ በቅጽበት ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደያዘው ሰው ይወረወራል፤ ሰው ለመመለስ ጊዜ የለውም። መንቀጥቀጡን የሚቀንስ ጎማም ስለሌላቸው ለዓመታት የያዟቸው ሰዎች ጣት እየነጣ፣ እየደነዘዘ ይቀራል። ሽቲል ራሱ ንዝረት የሚቀንስ እጀታ በ1960ዎቹ ማውጣቱ በከንቱ አልነበረም።

የሚቆረጠው ምን እንደሆነም መናገር አለብን። ተክለን ያሳደግነው ባሕር ዛፍ አንድ ነገር ነው። በደቡብ ጎንደር ግን የቀረው የአገር በቀል ደን አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ወይራና ጽድ እዚያ ነው ያሉት። በመጥረቢያ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ዛፍ፣ ይህ ማሽን በደቂቃዎች ይጥለዋል።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። ሽቲል እስከ መጨረሻው የያዘው አንድ አቋም ነበረው፦ መጋዝ የሚሸጥ ሰው መጠገን የሚችል መሆን አለበት። ስለዚህ ድርጅቱ ማሽኖቹን የሚያከፋፍለው ጥገና በሚሰጡ ሻጮች በኩል ነው፤ ልማዱ ከሱ በኋላም ቀጥሏል። በ1971 ሽያጩ ከዓለም አንደኛ ሆነ፤ ይህን በዓይኑ አይቷል። በጃንዋሪ 1973 በ76 ዓመቱ ሲሞት ልጁ ሃንስ ፔተር ቦታውን ተረከበ፤ ሴት ልጁ ኤቫም ከወንድሟ ጋር ድርጅቱን ስትመራ ኖራለች። በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ ፋብሪካ ተከፈተ። የኮንትራ ዘር የሆነችው 070ም፣ አውሮፓ ከተዋት በኋላ፣ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለደቡብ አሜሪካ ገበያ ለአሥርት ዓመታት ስትመረት ቆየች። ገበያ ላይ የምታገኟት አሮጌ ማሽን፣ አሮጌ ከመሰለችው በላይ ወጣት ልትሆን የምትችለው ለዚህ ነው፤ ዕድሜዋን ከመልኳ ሳይሆን ከተቀረጸው ቁጥር ጠይቁ።