የጆን ዌስሊ ጭንቀትና ዕረፍት

በተማሪነት ዘመን ጭንቀት ከሰው ጋር አብሮ ያድራል። ስለ ፈተናው፣ ስለ ውጤቱ፣ ስለ ወላጆቻችን ተስፋ፣ ከምረቃ በኋላ ስለሚጠብቀን እንጀራ እንጨነቃለን። እግዚአብሔርን አጥብቆ የያዘ ሰው ግን አይጨነቅም እንላለን። የጆን ዌስሊን ሕይወት ባነበብን ጊዜ ይህ አሳባችን ተናወጠ፤ ሰው እጅግ መንፈሳዊ ኾኖ ሳለ እጅግ ሊጨነቅ እንደሚችል ተረዳንና ታሪኩን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ልናካፍል ወደድን። ዓመታቱን የምናነሣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዌስሊ በ1703 በእንግሊዝ አገር ኤፕወርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ከቄስ ቤት ተወለደ። ገና አምስት ዓመቱ ሳለ፣ በ1709፣ ቤታቸው በሌሊት ተቃጠለ። ሕፃኑ በላይኛው ፎቅ ተረስቶ ቀርቶ ነበርና አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ በመስኮት አወጣው፤ ጣራውም ወዲያው ተደረመሰ። እናቱ ሱዛና ከዚያ ወዲህ የዚህን ልጅ ነፍስ በተለየ ጥንቃቄ ትጠብቅ ጀመር።

በ1720 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1726 የሊንከን ኮሌጅ መምህር ኾኖ ተመረጠ፤ በ1728 ቅስና ተቀበለ። በ1729ም ታናሽ ወንድሙ ቻርልስ ከጓደኞቹ ጋር የጀመረውን ትንሽ የተማሪዎች ማኅበር ይመራ ጀመር። ማኅበርተኞቹ እስረኞችን ይጠይቃሉ፤ ድኾችን ይረዳሉ፤ እንደ ጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ረቡዕንና ዓርብን ይጾማሉ። ይህ ጾም ለእኛ ከእናቶቻችን የወረስነው ነገር ነው፤ በዚያን ጊዜ በኦክስፎርድ ግን መሳቂያ አደረጋቸው። ዌስሊ እያንዳንዱን ሰዓት በምን እንዳዋለው በማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ ለጸሎቱ ትጋት እንኳ እንደ ፈተና ወረቀት ማርክ ይሰጥ ነበር። ይህን ሁሉ እያደረገ ልቡ አላረፈም። ምን ያህል ቢሠራ እንደሚበቃ የሚነግረው አልነበረምና።

በ1735 ወንጌልን ለማስተማር ወደ አሜሪካ፣ ወደ ጆርጂያ ተሳፈረ። በመርከቡ ላይ ሞራቪያውያን የሚባሉ 26 ጀርመናውያን ክርስቲያኖች ነበሩ። በጃንዩዋሪ 1736 ብርቱ ማዕበል ተነሣ፤ ባሕሩ ታላቁን ሸራ ቀድዶ ወደ መርከቡ ውስጥ ገባ። እንግሊዞቹ ጮኹ፤ ጀርመኖቹ ግን የጀመሩትን መዝሙር ሳያቋርጡ ቀጠሉ። በኋላም ዌስሊ አንዱን ቀርቦ ፈርተው እንደ ኾነ ቢጠይቀው፣ እንዳልፈሩ፣ ሴቶቻቸውና ልጆቻቸውም ሞትን እንደማይፈሩ ነገረው። እርሱ ግን ሞትን ፈርቶ ነበር። የተማረውና ብዙ የጾመው እርሱ ሳለ ሰላሙ የተገኘው እነርሱ ዘንድ ነው።

በጆርጂያ ሥራው አልቀናም። ሊያገባት ያሰባት ወጣት ሌላ ሰው ካገባች በኋላ ከቍርባን ስለ ከለከላት ባልዋ ከሰሰው፤ በ1737 መጨረሻም አገሩን ጥሎ ወጣ። ሌሎችን ሊያሳምን ሄዶ የራሱን አለማመን ዐውቆ ተመለሰ። እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ ፒተር ቦለር ከተባለ ወጣት ሞራቪያዊ ጋር ተዋወቀ። ዌስሊ እምነት እንደሌለው ተረድቶ ስብከቱን ልተው ቢል፣ ቦለር እምነትን እስኪያገኝ ድረስ ስለ እምነት እንዲሰብክ መከረው።

ሜይ 24 ቀን 1738 በምሽት፣ ልቡ እያልወደደ፣ በለንደን ኦልደርስጌት ጎዳና ወደሚደረግ የጸሎት ጉባኤ ሄደ። በዚያም ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ይነበብ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊኾን ሩብ ገደማ ሲቀረው፣ እግዚአብሔር በክርስቶስ በማመን የሰውን ልብ እንዴት እንደሚለውጥ ሲሰማ ልቡ ሞቀ፤ ክርስቶስ የእርሱን የራሱን ኃጢአት እንደ አስወገደለት ተረጋገጠለት።

ከዚያች ምሽት በኋላ ጭንቀት ፈጽሞ ጠፋለት ብንል ሐሰት ይኾንብናል። በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ተጠራጥሮ ነበር። የተለወጠው ግን መሠረቱ ነው። እስከዚያ ድረስ እግዚአብሔርን የሚያውቀው ቀይ እስክሪብቶ እንደ ያዘ ፈታኝ ነበር፤ አሁን ግን አስቀድሞ የሰጠ አባት ኾኖ አገኘው። መጾሙንና ገና ሳይነጋ መነሣቱን አልተወም፤ የሚያደርገው ግን ለመወደድ ሳይኾን ስለ ተወደደ ኾነ።

ፍሬውም ታየ። በ1739 በብሪስቶል ለድኻው ሕዝብ በሜዳ ላይ መስበክ ጀመረ፤ ከዚያም ከ50 ዓመት በላይ አገር ላገር እየዞረ አስተማረ። ማዕበሉን ፈርቶ የነበረው ሰው ድንጋይ በሚወረውር ሕዝብ ፊት ቆመ። ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በፌብሩዋሪ 1791፣ ዊልያም ዊልበርፎርስ የባሪያን ንግድ በመቃወም እንዲጸና ደብዳቤ ጻፈለት። ማርች 2 ቀንም በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ደብተራችንን ዘግተን እንቀመጥ ማለታችን አይደለም። ፈተናው ይመጣል፤ እናጠናለን፤ አንዳንዶቻችንም እንወድቅ ይኾናል። የምንለው፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ያለን ስፍራ በውጤት ወረቀት አይለካም ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ በፈተናው ዋዜማ የሚችለውን ያህል አጥንቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ ሊተኛ ይችላል።