ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የመንቆረር ከተማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ጎብኚ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ የሚያድረው ስለ ድካሙ ነው። ልቡ ያለው ባሕር ዳርና ጎንደር ነው። ሲነጋ አስጎብኚው የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያንና የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት ያሳየዋል፤ ስለ ንጉሡም ሁለት ዐረፍተ ነገር ይነግረዋል፤ የጎጃም ንጉሥ እንደ ነበሩና ዐድዋ እንደ ዘመቱ። ከዚያ በኋላ ጉዞ ይቀጥላል።

በጎንደር የፋሲል ግንብ ስለ ራሱ ይናገራል፤ በላሊበላም የተወቀረው ዐለት አስረጂ ብዙም አያሻውም። ደብረ ማርቆስ ግን ሕንፃዋ ጥቂት፣ ታሪኳ ብዙ የሆነ ከተማ ናት። አስጎብኚው ዝም ካለ እርሷም ዝም ትላለች። ይህን ጽሑፍ ለማኅበራችን መጽሔት እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ የመረጥሁት መንገድ፣ ከተማዪቱን የሚያስጎበኝ ባልደረባ በየማረፊያው ቆሞ ሊናገረው የሚገባውን የሰውየውን ሕይወት መተረክ ነው። ከሕይወታቸው ውስጥም ሽንፈታቸው ከድላቸው ይልቅ ብዙ ያስረዳል ብዬ ስለማምን፣ በሽንፈቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆማለሁ።

ጉብኝቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቢጀምር መልካም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሠራ በፊት የከተማዪቱ ስም መንቆረር ነበረ። መንቆረርን በ1840ዎቹ የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው። ተድላ ጓሉ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሸፍተው ጎጃምን ለረጅም ጊዜ የያዙ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሊያንበረክኳቸው ያልቻሉ ብርቱ ሰው ነበሩ። በዚያው ዘመን ከሌላው የጎጃም ገዢ ቤት አዳል የሚባል ልጅ ያድግ ነበር። አባቱ ደጃዝማች ተሰማ ጎሹ፣ አያቱ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። አያትየው በኅዳር 1845 ዓ.ም. በደንቢያ፣ ጉር አምባ ላይ፣ ኋላ ቴዎድሮስ ከተባሉት ከካሣ ኃይሉ ጋር ተዋግተው ሲወድቁ፣ አዳል ገና ሕፃን ነበር።

አዳል ተሰማ ካደጉ በኋላ የተድላ ጓሉን ወገን አሸንፈው ጎጃምን ያዙ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ዙፋኑን የወሰዱት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ አዳልም የንጉሠ ነገሥቱን እኅት ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንን አግብተው ቦታቸውን አጸኑ። ተክለ ጊዮርጊስ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ድል ሲሆኑና በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሲነግሡ፣ አዳል ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ገብረው በራስነት ጎጃምን ማስተዳደር ቀጠሉ። ባለድል በየጊዜው በሚለዋወጥበት በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ችሎታ አልነበረም።

የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እኒሁ ሰው ናቸው። ጎብኚው ጫማውን አውልቆ ሲገባ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ የሚያሳዩ ሥዕሎች ይመለከታል፤ አስጎብኚውም ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ያስረዳዋል። ከሥዕሎቹ በፊት ግን ስለ ስሙ ሊነገረው ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑ ከተሠራ በኋላ መንቆረር የሚለው የተድላ ጓሉ ዘመን ስም እየተረሳ፣ ደብረ ማርቆስ የሚለው ጸና። የተቀናቃኝን ከተማ የራስ ዋና ከተማ ለማድረግ ከዚህ የበለጠ ዘዴ ያለ አይመስለኝም። ግንብ ያፈረሰ ወይም ስም በዐዋጅ የሻረ ሰው ጠላት ያፈራል፤ ታቦት ያስገባን ሰው ግን ማን ይቃወመዋል?

በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ንጉሥ አድርገው ቀቧቸው፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። ማዕረጉ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ የሚል ነበር። ጎብኚዎች ከሚጠይቁት ጥያቄ ሁሉ ጥሩው በዚህ ላይ የሚነሣው ነው፤ ጎጃም ይሁን፣ ከፋ ከየት መጣ? ለዚህ መልስ ለመስጠት ከከተማው መውጣት ያስፈልጋል።

ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ ምዕራብ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው አገር የጁቤ ትገኛለች። በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ እየተባለ በሩቅ አገር ነጋዴ ሁሉ ይታወቅ የነበረው እዚህ ነው። ከእናርያና ከከፋ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ ቡናውን፣ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱን ይዞ በዚህ ያልፍ ነበር፤ ከሰሜንም አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይመጣ ነበር። በዚያው መንገድ በገመድ ታስረው የሚነዱ ሰዎችም ያልፉ እንደ ነበረ አስጎብኚው ሊሸሽገው አይገባም። ከደብረ ማርቆስ ቤተ መንግሥት ግርማ ከፊሉ የመጣው ከዚህ ገበያ ቀረጥ ነው። የገበያውን ምንጭ ለመያዝ ደግሞ ከዓባይ ማዶ ያለውን የኦሮሞ አገር መያዝ ያሻ ነበር። ለዚህም የንጉሡ የጦር አለቃ ራስ ደረሶ በሆሮ ጉዱሩና ከዚያም አልፎ ዘመቱ።

ይህንኑ አገር የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ነበር፤ ራስ ጎበናም ፈረሰኞቻቸውን ይዘው ከወዲያ ገሠገሡ። ዐፄ ዮሐንስ ለአዳል የንግሥ ዘውድ የሰጡት የሸዋን ኃይል በጎጃም ሚዛን ለመግታት እንደ ነበረ ግልጽ ነው፤ ሚዛኑ ግን ብዙ ሳይቆይ ተሰበረ። በግንቦት 1874 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ ንጉሦች በሆሮ ጉዱሩ፣ እምባቦ ላይ ተዋጉ። የጎጃም ጦር ድል ሆነ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

በምርኮው ጊዜ በሁለቱ ንጉሦች መካከል ተደረገ የሚባል ጨዋታ አለ፤ እንግዳን ስለሚያስቅ አስጎብኚ ሁሉ ይወደዋል። እኔ አልደግመውም። ጨዋታው ሲነገር በእምባቦ ሜዳ የቀረው ወታደርና ማሳው የተረገጠው የአገሩ ገበሬ ይረሳሉ። ምኒልክ ምርኮኛቸውን በክብር ይዘዋቸዋል፤ ዐፄ ዮሐንስም ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ሁለቱን ተቆጥተው፣ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ተክለ ሃይማኖት ወደ ጎጃም ተመለሱ። ከዓባይ ማዶ ያለው አገር ግን ለጎጃም አልተመለሰም። የኢትዮጵያ የኃይል ማእከል ወደ ደቡብ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ የዞረበትን ቀን አንድ ብቻ ምረጥ ብባል፣ እኔ ይህንን ቀን እመርጣለሁ። ዛሬ በደብረ ማርቆስ አድሮ የሚያልፈው ጎብኚ ዋና ከተማው እዚህ ያልሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ከእምባቦ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

ከዚያ ዘመን ዘመቻ ጋር የተያያዘ ሌላ ሰውም አለ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ከዓባይ ማዶ ከኦሮሞ ወላጆች ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ጎጃም የመጡ፣ በንጉሡ ዘመን ያደጉ፣ የቤተ ክህነትን ትምህርት ተምረው ሠዓሊ የሆኑ ናቸው። የጎጃምን የትውልድና የመሳፍንት ታሪክ ጽፈው ያስቀሩልን እርሳቸው ናቸው። ጎጃም ስለ ራሱ የሚያውቀውን ብዙውን ነገር የጻፈለት፣ ጦሩ ከተሻገረው ወንዝ ማዶ የተገኘ ልጅ ነው።

ከእምባቦ በኋላ ንጉሡ ፊታቸውን ወደ ግንባታ ያዞሩበት አጭር ጊዜ አለ። ኢጣሊያዊው መሐንዲስ ካውንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒ በጎጃም ተቀምጠው በተምጫ ወንዝ ላይ ድልድይ የሠሩላቸው በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው። ወደ ደምበጫ የሚወስደው መንገድ ተምጫን ስለሚሻገር፣ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ወንዝ ላይ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ መቆም ይበቃል። ተምጫ በክረምት ሲሞላ ገበያተኛውን ከገበያው፣ ወታደሩን ከአለቃው የሚለይ ወንዝ መሆኑን ያየ ሰው የድልድዩ ጥቅም ይገባዋል። ሳሊምቤኒ ጥቂት ቆይተው በ1879 ዓ.ም. በሰሜን በራስ አሉላ እጅ ታስረዋል፤ ያ ግን የሌላ ጉብኝት ታሪክ ነው።

ቀጣዩን ማረፊያ ለማየት ጎብኚው ጎንደር እስኪገባ መታገሥ አለበት፤ የጎንደር ባልደረቦቻችንም እዚህ ላይ ሊያግዙን ይገባል። በጥር 1879 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት መተማ ዘምተው የመሐዲስቶቹን ጦር ድል አደረጉ፤ አዛዡን ወድ አርባብን ገደሉ፤ ከተማውንም አቃጠሉ። በሕይወታቸው ያገኙት ታላቅ ድል ይህ ነው። ኸሊፋው ይህን ለመበቀል አቡ አንጃን ብዙ ጦር አስይዞ ላከ። በጥር 1880 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን፣ በደንቢያ ሳር ውሃ ላይ የጎጃም ጦር ተሸነፈ። ንጉሡ አመለጡ፤ ከቤተሰባቸው ግን የተማረኩ ነበሩ። አያታቸው በወደቁበት አውራጃ የልጅ ልጃቸውም ጦራቸውን አጡ። አቡ አንጃ ሳይውል ሳያድር ጎንደር ገባ፤ ከተማዪቱ ተዘረፈች፤ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከእሳቱ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ በጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ የሚያይ ጎብኚ ሌሎቹ ለምን እንደሌሉ ሲጠይቅ፣ መልሱ ወደ ደብረ ማርቆሱ ንጉሥ ይመልሰዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በእርሳቸው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በዚያ ወቅት ዐፄ ዮሐንስ በምፅዋ በኩል ከኢጣሊያኖች ጋር ተፋጠው ስለ ነበሩ፣ የምዕራቡ በር የተተወው ለጎጃም ጦር ብቻ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ረዳት ማጣታቸው አስቀይሟቸው ከምኒልክ ጋር መላላክ ጀመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን በደረሱበት ጊዜ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ገቡ፤ ወታደሩም አገሩን መዘበረው። ንጉሡ አምባ ላይ ተጠግተው ቆይተው በመጨረሻ ገቡ፤ አምባ የሌለው ገበሬ ግን የሚጠጋበት አልነበረውም። እህሉ ተወሰደ፤ ከብቱ ታረደ፤ ከዘራፊ የተረፈውንም የከብት በሽታ ጨረሰው። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በመላ አገሪቱ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ሲገባ፣ ጎጃም የተቀበለው አስቀድሞ ባዶ በሆነ ጎተራ ነው። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ስለዚህ የሚናገር ምንም ምልክት የለም። ስለዚህ እኛ እንናገረው።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ተክለ ሃይማኖት ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ለምኒልክ ገበሩ። ከእምባቦ ምርኮ በኋላ ይህ ምን ያህል እንደ ከበዳቸው መገመት ይቻላል። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን ያ ሁሉ ቂም ቀርቶ የጎጃምን ጦር መርተው በዐድዋ ተሰለፉ። አስጎብኚዎቻችን ይህን በኩራት ይናገራሉ፤ የሚገባም ነው። እምባቦን አስቀድሞ የሰማ ጎብኚ ግን የዚህን ሰልፍ ክብደት ይበልጥ ይረዳዋል፤ የማረካቸው ንጉሥ ሲጠራቸው የመጡ ሰው ናቸውና።

ከፋን የያዙት በመጨረሻ የምኒልክ የጦር አለቃ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። በዚያ ጊዜ የከፋ ንጉሥ የሚለውን ማዕረግ ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ የተሸከሙት ተክለ ሃይማኖት ገና በሕይወት ነበሩ። በጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚያ በኋላ ጎጃም ንጉሥ አልተሾመበትም። ምኒልክ አገሩን በራስ ማዕረግ እያከፋፈሉ አስተዳደሩ፤ ከልጆቻቸው ራስ በዛብህ ሸፍተው ታሰሩ። ዕድል የቀናቸው ራስ ኃይሉ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ጎብኝተው የተመለሱ፣ በሥልጣኔ ወዳድነታቸውም በግብር ጽናታቸውም የታወቁ ሰው ናቸው። አባታቸው በተቀመጡበት በደብረ ማርቆስ ሆነው ጎጃምን ብዙ ዘመን ገዙ። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከግዞት ባመለጡ ጊዜ ተባባሪ ሆነዋል ተብለው ተያዙ፤ በእርሳቸውም ምትክ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃም ገዢ ሆነው ዓባይን ተሻግረው ደብረ ማርቆስ ገቡ።