ፈርንን በጠርሙስ ያኖሩት ሐኪም

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የሚኖር ሰው ግቢና ጓሮ ባይኖረውም ለምለም ነገር ማየት ይወዳል። በመኖሪያ ክፍሎች፣ በሆቴሎችና በሐኪም ቤት መጠበቂያ አዳራሾች የሚቀመጡት የመስታወት ዓሣ ገንዳዎች ይህን ፍላጎት ከሚያረኩት መካከል ናቸው። በገንዳው ውስጥ፣ በድንጋይ ወይም በጉማጅ እንጨት ላይ ተጣብቆ ቅጠሎቹን የሚያወዛውዘው አረንጓዴ ተክል ብዙ ጊዜ ፈርን ነው። ፈርን አበባና ፍሬ የለውም፤ የሚራባው በቅጠሉ ጀርባ በሚይዘው እንደ ዱቄት በደቀቀ ብናኝ ነው። ጥላና እርጥበት ይወዳል። ይህን ተክል በማይስማማው አየር መካከል በመስታወት ከልሎ ማኖር እንደሚቻል ለዓለም ያሳወቁት እንግሊዛዊው ሐኪም ናትናኤል ባግሾ ዋርድ ናቸው።

ዋርድ በ1791 በለንደን ተወለዱ፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በኢትዮጵያ ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ገና በ13 ዓመታቸው በመርከብ ወደ ጃማይካ ተጉዘው የሐሩር አገር ዘንባባና ፈርን አዩ፤ ልባቸውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወደ ዕፅዋት አዘነበለ። ይሁን እንጂ ከጉዞው ሲመለሱ የአባታቸውን ሙያ ተምረው በምሥራቅ ለንደን፣ በዌልክሎዝ አደባባይ ሐኪም ሆኑ። ሰፈሩ ለቴምዝ ወንዝ ወደቦች የቀረበ፣ መርከበኞችና የቀን ሠራተኞች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ነበር።

የሐኪሙ ምኞት ትንሽ ነበር። በጓሯቸው ድንጋይ ከምረው፣ ውሃ ከላይ እየተንጠባጠበ እንዲያረሰርሰው አድርገው ፈርን ሊያበቅሉበት ፈለጉ። ነገር ግን ከየፋብሪካውና ከየምድጃው የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ጢስ የከተማውን አየር በክሎት ስለነበር ተክሎቹ እየጠወለጉ አለቁ። ዋርድም ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ተዉት።

መፍትሔው የመጣው ካላሰቡት በኩል ነው። በ1829 የእሳት እራት ከሽፋኑ ሲወጣ ለማየት ፈልገው፣ በመለወጥ ላይ ያለውን ነፍሳት ከነሽፋኑ በሰፊ አፍ ጠርሙስ ውስጥ በእርጥብ አፈር ቀበሩትና ክዳኑን ገጠሙት። ከዚያም አንድ ነገር አስተዋሉ። ቀን ሙቀት ሲበረታ ከአፈሩ የሚነሳው እርጥበት በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይያዛል፤ ቆይቶም ወደ አፈሩ ይመለሳል። አፈሩ ሁልጊዜ በአንድ መጠን እርጥብ ነው። የእሳት እራቱ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ደግሞ ከአፈሩ ላይ አንድ ፈርንና አንድ ሣር ብቅ አሉ። በጓሮ ብዙ ደክመውበት እንቢ ያላቸው ተክል ማንም ሳይተክለው በጠርሙስ በቀለ።

ዋርድ ጠርሙሱን ወደ ሰሜን ከሚያየው መስኮታቸው ውጭ አኖሩት። ፈርኑ በየዓመቱ አዳዲስ ቅጠል እያወጣ፣ ማንም ውሃ ሳያጠጣው ከሦስት ዓመት በላይ ኖረ። የሞተውም ዋርድ ከቤት ርቀው ሳሉ የጠርሙሱ ክዳን ዝጎ የዝናብ ውሃ ስለገባበት ነው። ተክሉን በሕይወት ያቆየው ክዳኑ እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አልነበረም።

ሐኪሙ ነገሩን በዚያ አልተዉትም። ሎዲጅስ ከሚባሉት የታወቁ የችግኝ ነጋዴ ጋር ተባብረው ከእንጨትና ከመስታወት ጥብቅ ሣጥኖች አሠሩ። በዚያ ዘመን በመርከብ የሚጓዙ ችግኞች አብዛኞቹ በጨዋማ ነፋስ፣ በፀሐይና በውሃ እጥረት መንገድ ላይ ይሞቱ ነበር። በ1833 ፈርንና ሣር የተሞሉ ሁለት ሣጥኖች ከለንደን ወደ ሲድኒ ተላኩ፤ ተክሎቹም በደህና ደረሱ። በ1834 ሣጥኖቹ በአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሞልተው ሲመለሱ ከሲድኒ የበጋ ሙቀት ተነስተው፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በበረዶ መካከል አልፈው፣ የምድር ወገብን ተሻግረው ለንደን ገቡ። በመንገድ አንድም ጊዜ ውሃ ሳይጠጡ ልምላሜያቸው አልጠፋም ነበር።

ወደ ዐረቡ ዓለምም የደረሰው ወዲያው ነው። በዚያው በ1834 በእነዚህ ሣጥኖች የታሸጉ ዕፅዋት ወደ ግብፅ፣ ለመሐመድ ዓሊ ልጅ ለኢብራሂም ፓሻ የአትክልት ስፍራ ተልከዋል።

ዋርድ ግኝታቸውን ለራሳቸው አልሸሸጉም። በ1836 ለታወቁት የዕፅዋት ሊቅ ለዊሊያም ሁከር በጻፉት ደብዳቤ አሠራሩን ለሕዝብ ገለጡ፤ በ1842 ደግሞ መጽሐፍ አሳተሙበት። በመጽሐፉ ውስጥ ከመርከብና ከንግድ ጎን ለጎን የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ፤ በተጨናነቁ የከተማ ሰፈሮች የሚኖሩ ድሆች በትንሽ ወጪ፣ በአንዲት ጠርሙስም ቢሆን፣ ለምለም ነገር በቤታቸው እንዲኖራቸው ማድረግ። ጢስ በበዛበት ሰፈር በሽተኛ ሲያክሙ የኖሩ ሰው ናቸውና አረንጓዴን ነገር ከቅንጦት አልቆጠሩትም። በእንግሊዝ በመስታወት ላይ ይጣል የነበረው ቀረጥ በ1845 ሲነሳም የዋርድ ሣጥን ወደ ብዙ ቤት ገባ። ፈርን መሰብሰብም በአገሩ ታላቅ ወረት ሆነ፤ ከወረቱም የተነሳ በአንዳንድ ስፍራዎች የዱር ፈርን እየተነቀለ ተመናመነ።

ሣጥኑ ከሐኪሙ ሐሳብ አልፎ የዓለምን ንግድ ለወጠ። ሮበርት ፎርቹን የተባሉ ስኮትላንዳዊ ከ1848 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ወደ 20,000 የሚጠጉ የሻይ ችግኞችን ከቻይና ወደ ህንድ ያሻገሩት በዋርድ ሣጥኖች ነው። ከብራዚል በመጣ ዘር በለንደን የበቀለው የጎማ ዛፍ ችግኝም በ1876 በእነዚሁ ሣጥኖች ወደ ሲሎን ተሻግሯል። ዛሬ በዱባይና በሻርጃ መንገዶች ከረክ ሻይ የሚጠጣ ሰው ከዚህ ታሪክ ጋር ሩቅ ዝምድና አለው። ሆኖም አንዱ አገር ያተረፈው ሌላው የከሰረበት ነበር። ቻይና በሻይ፣ ብራዚል በጎማ የነበራቸውን የበላይነት አጡ። በሣጥኑ አፈር ውስጥ ተባይና የተክል በሽታም አብሮ ይጓዝ ነበር።

የዓሣ ገንዳም ከዚሁ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ዋርድ በፈርን ቤታቸው ባለ የውሃ ገንዳ ዓሣና የውሃ ዕፅዋት አብረው ያኖሩ ነበር። በ1850 ደግሞ ሮበርት ዋሪንግተን የተባሉት የለንደን ኬሚስት ወርቃማ ዓሣዎችን፣ የውሃ ተክልንና ቀንድ አውጣን በአንድ ገንዳ አኑረው እርስ በርስ እንደሚደጋገፉ በጽሑፍ አስረዱ። ተክሉ ለዓሣው ኦክስጅን ይሰጣል፤ ዓሣው የሚያወጣው ተክሉን ይመግባል፤ ቀንድ አውጣውም የበሰበሰውን ቅጠል ይበላል። በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ የመጀመሪያው የሕዝብ ዓሣ ቤት ተከፈተ።

ዛሬ በጣፋጭ ውሃ ገንዳ በብዛት የሚተከሉት ፈርኖች ሁለት ናቸው። አንዱ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣው የጃቫ ፈርን ነው። ሁለተኛው ቦልቢቲስ የሚባለው የአፍሪካ የውሃ ፈርን ሲሆን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ባሉ ወንዞች ይገኛል። የሁለቱም አተካከል አንድ ነው። ሥር የሚወጣበት አግድም ግንድ በአሸዋ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ በክር ይታሰራል፤ ቆይቶ ራሱ ይይዛል። ብርቱ ብርሃን አይፈልግም፤ ገንዳው በፀሐይ ፊት ከተቀመጠ የሚያተርፈው አልጌ ነው። ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ ይስማማዋል። እድገቱ ዝግ ያለ ነውና ትዕግሥት ይጠይቃል። የጃቫ ፈርን ሲያረጅ በቅጠሉ ላይ ትንንሽ ልጆች ያወጣል፤ እነርሱን ለይቶ ሌላ ድንጋይ ላይ ማሰር ይቻላል።

የባሕረ ሰላጤው ኑሮ የራሱ ጥንቃቄ አለው። በበጋ ከጣራ ታንከር የሚወርደው የቧንቧ ውሃ ስለሚሞቅ በቤት ውስጥ አቀዝቅዞና የክሎሪን ማጥፊያ ጨምሮበት መጠቀም ያስፈልጋል። የአየር ማቀዝቀዣ የክፍሉን አየር ስለሚያደርቅ ክዳን የሌለው ገንዳ ውሃው ቶሎ ይጎድላል፤ ጨውና ማዕድኑ ግን በገንዳው ይቀራል። የዋርድ ክዳን እዚህም ሥራ አለው።

ክዳኑ ሌላም ትርጉም አለው። በደቡብ አሜሪካ የበቀለው እምቦጭ በአበባው ውበት የተነሳ ከአገር ወደ አገር የተወሰደ የውሃ ጌጥ ነው። በኢትዮጵያ በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ታወቀ፤ ዓሣ አጥማጁንና የሐይቁን ዳር ገበሬ ምን ያህል እንዳስጨነቀ አንባቢ ያውቃል። ከፈርን ወገን የሆነችው ሳልቪኒያም በካሪባ ሐይቅ ላይ ተመሳሳይ ጥፋት አድርሳለች። ስለዚህ ከገንዳ የተነቀለ ተክል ደርቆ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል እንጂ ወደ ወንዝ፣ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ቦይ አይለቀቅም። ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው በሻንጣ ይዞት የሚሄድ ስጦታም አይደለም። መስታወቱ ተክሉን ከውጭው አየር እንደሚጠብቅ ሁሉ የውጭውንም ውሃ ከተክሉ ሊጠብቅ ይገባል።

ዋርድ በ1852 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኑ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባለፉበት በዚያው ዓመት፣ ጁን 4 ቀን 1868፣ በደቡብ እንግሊዝ በሴንት ሊዮናርድስ አረፉ። ሣጥናቸው ከእርሳቸው በኋላ ወደ አንድ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዕፅዋት ሲያመላልስ ኖረ፤ የአውሮፕላን ጉዞና የፕላስቲክ ከረጢት ሲመጡ ሥራው አበቃ።

ሐሳቡ ግን አላበቃም። በ2016 በዱባይ ሲቲ ዎክ የተከፈተው ግሪን ፕላኔት በበረሃ መካከል የሐሩር ደንን ከነእርጥበቱ በግንብና በመስታወት ከልሎ የያዘ፣ ከ3,000 በላይ ዕፅዋትና እንስሳት የሚኖሩበት ሕንፃ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ጥግ ያለችው ትንሽ ገንዳም የምትሠራው በዚያው ሕግ ነው፤ እርጥበቷን ጠብቃ፣ ክዳኗን ገጥማ፣ ለባለቤቷ በየጥቂት ሳምንቱ አንድ አዲስ ቅጠል ታሳየዋለች።