ቶማስ በር ኦዝቦርን

ቶማስ በር ኦዝቦርን (እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1859 – ጃንዋሪ 29 ቀን 1929) አሜሪካዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ነበሩ። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን ለይተው በማጥናት ይታወቃሉ። ከላፋየት ሜንዴል ጋር ሆነውም የምግብ ፕሮቲን ጥቅም በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በያዛቸው አሚኖ አሲዶች ጭምር እንደሚወሰን አሳይተዋል። ዛሬ የእንቁላል ጣይ ዶሮዎች መኖ የሚመጠነው በዚሁ መሠረት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ልደትና ትምህርት

ኦዝቦርን የተወለዱት በኮነቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ነው። በዚያው ከተማ በሚገኘው የል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1881 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1885 ደግሞ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1886 የኮነቲከት የግብርና ምርምር ጣቢያ ኃላፊ በነበሩት በሳሙኤል ጆንሰን ጋባዥነት ወደ ጣቢያው ገቡ፤ በዚያው ዓመትም የጆንሰንን ልጅ ኤልዛቤትን አገቡ። በ1928 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት በዚሁ ጣቢያ ነው።

የእህል ፕሮቲኖች ጥናት

በዘመኑ የዕፅዋት ፕሮቲኖች ጥቂት ዓይነት ብቻ እንደሆኑና ከየትኛውም እህል ቢገኙ ብዙ እንደማይለያዩ ይታመን ነበር። ኦዝቦርን ከአጃ ጀምረው ስንዴን፣ በቆሎን፣ ገብስንና ጥራጥሬን ጨምሮ ከ30 በላይ የዘር ዓይነቶችን መረመሩ፤ የእያንዳንዱ ፕሮቲን የራሱ ባሕርይ እንዳለውም አረጋገጡ። ፕሮቲኖቹን በውኃ፣ በጨው ውኃ፣ በአልኮልና በቀጭን አሲድ ወይም አልካሊ እንደሚሟሟ በአራት ክፍል መደቧቸው። ይህ አመዳደብ እስከ ዛሬ በእህል ሳይንስ ውስጥ ይሠራበታል። ስለ ዕፅዋት ፕሮቲኖች የጻፉት መጽሐፍ በ1909 ታተመ።

ከሜንዴል ጋር የተደረጉ የአመጋገብ ሙከራዎች

በ1909 ኦዝቦርን የየል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከነበሩት ከላፋየት ሜንዴል ጋር መሥራት ጀመሩ። (እኚህ ሰው በዘር ውርስ ጥናት ከሚታወቁት ከግሪጎር ሜንዴል የተለዩ ናቸው።) ሁለቱ ሊቃውንት የተጣራ ፕሮቲን ለነጭ አይጦች እየመገቡ ክብደታቸውን ይመዘግቡ ነበር።

በ1914 ያወጡት ውጤት ታዋቂ ነው። የበቆሎ ፕሮቲን የሆነውን ዜይን ብቻ የተመገቡት አይጦች ምግቡ በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም እየከሱ ሄዱ። ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲጨመርላቸው መክሳታቸው ቆመ፤ ላይሲን ሲታከልበት ደግሞ ማደግ ጀመሩ። ላይሲን የሚያንሰውን የስንዴ ፕሮቲን፣ ግላያዲንን፣ የተመገቡት በበኩላቸው ክብደታቸው ሳይቀንስ እድገታቸው ተገታ። ስለዚህ ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው አሚኖ አሲዶች ከምግብ መገኘት እንዳለባቸው ግልጽ ሆነ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የሌሎቹ መብዛት አይተካውም።

በ1913 በቅቤ ውስጥ ለእድገት የሚያስፈልግ፣ በኋላ ቫይታሚን ኤ የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። ሆኖም ኤልመር ማኮለምና ማርገሬት ዴቪስ ተመሳሳይ ውጤት ጥቂት ቀደም ብለው አሳውቀው ነበር።

ለዶሮ እርባታ ያለው ጥቅም

ኦዝቦርንና ሜንዴል በ1916 በጫጩቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው በመኖ ውስጥ ያሉት አሚኖ አሲዶች የጫጩት እድገትንም እንደሚወስኑ አሳዩ። በ1917 ደግሞ ጥሬ አኩሪ አተር የተመገቡ አይጦች በደንብ እንደማያድጉ፣ ሲበስል ግን ጥሩ ምግብ እንደሚሆን አስታወቁ። አኩሪ አተር ለዶሮ ከመቅረቡ በፊት በሙቀት የሚታከመው ለዚህ ነው።

እንቁላል በፕሮቲን የበለጸገ ስለሆነ ጣይ ዶሮ በየጊዜው በቂ አሚኖ አሲድ ማግኘት አለባት። በቆሎ ላይሲንና ትሪፕቶፋን ያንሰዋል። አኩሪ አተር ይህን ጉድለት ቢሞላም ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ያጥረዋል። በዚህም ምክንያት በበቆሎና በአኩሪ አተር መኖ መጀመሪያ የሚጎድለው ሜቲዮኒን ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 ባወጣው መመዘኛ መሠረት በቀን 100 ግራም መኖ የምትበላ ነጭ እንቁላል ጣይ ዶሮ 15 ግራም ፕሮቲን፣ 690 ሚሊግራም ላይሲንና 300 ሚሊግራም ሜቲዮኒን ያስፈልጋታል። ሜቲዮኒን ሲያንስ እንቁላሉ ያንሳል፤ ጉድለቱ ሲበረታ የእንቁላሉ ቁጥርም ይቀንሳል። በአንጻሩ ያልተመጣጠነ ፕሮቲን ማብዛት ወጪ ከመጨመር አልፎ ትርፉ ናይትሮጅን በኩስ እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ መኖ አምራቾች የጎደለውን አሚኖ አሲድ ለይተው በፋብሪካ የተመረተውን በትንሽ መጠን ይጨምራሉ።

የመጨረሻ ዓመታት

ኦዝቦርን በ1910 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ። ከሜንዴል ጋር ከ100 በላይ ጽሑፎችን አሳትመዋል። ጡረታ በወጡ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1929፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አረፉ።