ክሊፍ በርተን፦ ሜታሊካን ወደ ሰፈሩ ያስመጣው ልጅ

የሜታሊካን ሙዚቃ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስማቸው ያለበትን ጥቁር ቲሸርት ሳያይ አይቀርም። ዛሬ የምናወራችሁ ግን ባንዱ ገና ምንም ሳይኖረው ስለተቀላቀለና 24 ዓመቱ ላይ ስለሞተ ልጅ ነው። ክሊፍ በርተን ይባላል፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክሊፍ በ1962 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካስትሮ ቫሊ በምትባል ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ፒያኖ ተምሯል። 13 ዓመቱ ላይ ታላቅ ወንድሙ በድንገት ሞተበት። ከዚያ በኋላ ለወንድሜ ስል አንደኛ ቤዝ ተጫዋች እሆናለሁ ብሎ ቤዙን ያዘ። እናቱ እንደተናገሩት በየቀኑ ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚፈጅ ልምምድ ያደርግ ነበር። ዝነኛ ከሆነም በኋላ አልተወውም።

ትምህርት ሲበቃው ከወላጆቹ ጋር ተስማማ። ለአራት ዓመት የቤት ኪራዩንና ምግቡን እነሱ ይችላሉ፣ ሙዚቃው ካላበላው ግን ሥራ ይፈልጋል። በቃ፣ ውሉ ይኸው ነበር።

በዚሁ ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ላርስ ኡልሪክ የሚባል ከዴንማርክ የመጣ ድራመርና ጄምስ ሄትፊልድ በጋዜጣ ማስታወቂያ ተገናኝተው በ1981 ሜታሊካን መሥርተዋል። በ1982 ዊስኪ ኤ ጎ ጎ የተባለ ክለብ ገብተው ትራውማ የሚባል ባንድ ሲጫወት አዩ። የጊታር ሶሎ የሚመስል ነገር ሰሙ፤ ጊታሪስቱ ማነው ብለው ሲያዩ ለካ ድምፁ የሚወጣው ከቤዝ ነው! ክሊፍ ቤዙን በዋ ዋ ፔዳል ነበር የሚጫወተው።

ና ከኛ ጋር ሁን አሉት። ሎስ አንጀለስ አይመቸኝም፣ ከፈለጋችሁኝ እናንተ ኑ አላቸው። ልብ በሉ፣ ልጁ ገና 20 ዓመቱ ነው፣ የሚኖረውም በወላጆቹ ድጋፍ ነው። እነሱም ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ መጡ። ማርች 5 ቀን 1983 ክሊፍ ከነሱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ።

ወዲያው አልበም ለመቅዳት በመኪና አገር አቋርጠው ወደ ኒውዮርክ ሄዱ። ገንዘብ ስላልነበራቸው የሚያድሩት ልምምድ የሚያደርጉበት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት ኪል ኤም ኦል ወጣ፤ አልበሙ ላይ የክሊፍ የቤዝ ሶሎ ራሱን የቻለ ትራክ ሆኖ ገብቷል። በ1984 ራይድ ዘ ላይትኒንግ፣ በማርች 1986 ማስተር ኦፍ ፐፔትስ ተከተሉ። የሙዚቃ ቲዎሪ የተማረው እሱ ስለነበር ለሄትፊልድ ስለ ሃርመኒ ያስተማረው ክሊፍ ነው። ፈጣኑና ጩኸታም የነበረው ሙዚቃቸው ዜማ እየጨመረ የመጣው ያኔ ነው።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1986 ስዊድን፣ ስቶክሆልም ተጫወቱ። ሌሊቱን በአውቶቡስ ወደ ዴንማርክ ጉዞ ጀመሩ። ጊታሪስቱ ከርክ ሃሜት እንደተናገረው የትኛው አልጋ ላይ ማን ይተኛ በሚል ካርታ መዘዙ፤ ክሊፍ አሸነፈና የከርክን አልጋ መረጠ። ሊነጋ ሲል አውቶቡሱ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ክሊፍ በመስኮት ተወርውሮ አውቶቡሱ ወደቀበት። ሹፌሩ መንገዱ ላይ በረዶ ነበር አለ፤ ሄትፊልድ በዚያ ብርድ በእግሩ እየሄደ ቢፈልግም አላገኘም። ሹፌሩ በመጨረሻ አልተከሰሰም።

ባንዱ ሌላ ቤዝ ተጫዋች ፈልጎ ቀጠለ። በ2009 ሜታሊካ የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ በክሊፍ ስም መድረክ ላይ የወጡት አባቱ ሬይ ነበሩ። ሬይ ከልጃቸው ሙዚቃ የሚመጣላቸውን የሮያሊቲ ገንዘብ ክሊፍ ለተማረበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሰጥተውታል። ለአራት ዓመት ኪራዩንና ምግቡን የቻሉለት ልጅ፣ ከሞተ በኋላ የሌሎችን ልጆች ትምህርት ከፈለ ማለት ነው።

ዛሬ ማታ ኢርፎን አድርጋችሁ ኦራየን የተባለውን ግጥም የሌለው ሙዚቃቸውን ስሙት። ሽኝቱ ላይ የተከፈተው እሱ ነው። መሐሉ ላይ ሁሉም ዝም ሲል ቀድሞ የሚገባው ክሊፍ ነው፤ ጊታር የሚመስላችሁን ድምፅም ቶሎ አትመኑ።